ጥቂት ባክቴሪያ የሚበቃው ቁስል

ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1816 የደረት ማዳመጫን በመፈልሰፉ ነው። ስለ ጣቱ የሚያወራ ግን ጥቂት ሰው ነው። ላኔክ አስከሬን እየመረመረ በቲቢ የተጎዳ የጀርባ አጥንት በመጋዝ ሲቆርጥ፣ መጋዙ ጣቱን ጫረው። ጭረቱ ቀላል ነበር። ቦታው ላይ ግን ውሎ አድሮ ጠጣር እብጠት ወጣበት። እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ የራሱን ቁስል ገልጾ ጻፈ። በዚያው ዓመት፣ በ45 ዓመቱ፣ በሳንባ ቲቢ ሞተ።

ላኔክ ጣቱ ላይ የወጣውን ነገር መጠርጠር እንጂ ማረጋገጥ አይችልም ነበር። የበሽታው መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ መገኘቱን ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ በርሊን ላይ ያበሰረው ከ56 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከዚያ ወዲህ የአክታ ምርመራ እየቀለለ ሄደ። የቆዳ ቲቢ ግን አሁንም ሐኪሙን ያደክማል። ቁስሉ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ ተቆርጦም ይወሰዳል። ባክቴሪያው ግን አልገኝም ይላል።

ብዙ መልክ ያለው በሽታ

ቲቢ ሲባል የብዙዎች ሐሳብ ወደ ሳንባና ወደ ሳል ይሄዳል። ባክቴሪያው ግን ከሳንባ ውጪ ዕጢን፣ አጥንትን፣ የአንጎል ሽፋንን፣ ሆድንና ቆዳን ያጠቃል። ከሳንባ ውጪ ከሚከሰተው ቲቢ የቆዳው ድርሻ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል። ከዚህ ውስጥ ትንሹ ድርሻ እንኳ ብዙ ሕዝብ ነው።

የቆዳ ቲቢ አንድ መልክ የለውም። አንገት ላይ ወይም ብብት ሥር ያበጠ ዕጢ ቀስ በቀስ ለስልሶ ቆዳውን በስቶ ሊወጣ ይችላል፤ መግል ያወጣል፣ ይደርቃል፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። ይህ ከውስጥ ወደ ውጪ የመጣ ቲቢ ነው። የዕጢ ቲቢ በብዛት በሚታይበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር የቆዳ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ሌላው ዓይነት ፊት ላይ፣ በተለይ አፍንጫና ጉንጭ አካባቢ፣ ዓመታትን ወስዶ የሚስፋፋው ሉፐስ ቩልጋሪስ ነው፤ ካልታከመ አፍንጫንና ጆሮን ይበላል። ሦስተኛው እንደ ላኔክ ከውጪ በጭረት በኩል የሚገባው ኪንታሮት መሳይ ዓይነት ሲሆን፣ ጥንት የአስከሬን መርማሪዎችና የሥጋ ሠራተኞች በሽታ ይባል ነበር።

ሉፐስ ቩልጋሪስ በአንድ ወቅት አውሮፓን አስጨንቆ ነበር። ፊታቸው የተበላ ሰዎች ከሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር። ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን እነዚህን ሕመምተኞች ኮፐንሃገን ውስጥ በጠንካራ የመብራት ጨረር ማከም ጀመረ፤ በዚህ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ፊንሰን ሕመሙን የሚለየው በዓይኑ ነበር።

ያው መልክ ግን ከብዙ በሽታዎች ጋር ይምታታል። የኢትዮጵያን ደጋ ብንወስድ፣ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ የተባለው ጥገኛ ተህዋስ የሚያመጣው ቁንጭር ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት ሲቆይ ከሉፐስ ቩልጋሪስ ለመለየት ያስቸግራል። ሥጋ ደዌም አለ፤ ሥር የሰደደ የፈንገስ በሽታም አለ። የመማሪያ መጻሕፍት ቁስሉን በብርጭቆ ተጭነህ ቡናማ ቢጫ ቀለም ፈልግ ይላሉ። ይህ ምልክት የተጻፈው ነጭ ቆዳ እየታየ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቀለሙ እንደ ልብ አይለይም። በሽታዎቹ ሕክምናቸው ለየቅል ነውና መሳሳቱ ዋጋ ያስከፍላል። ቁንጭር ተብሎ የታከመ ቲቢ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል፤ ቲቢ ተብሎ የታከመ ቁንጭር ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ የማይጠቅመውን መድኃኒት ያስውጣል።

የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የት ላይ ቆሙ

ኮክ ባክቴሪያውን ያየው በቀለም ነው። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚሠራው የማይክሮስኮፕ ምርመራ የዚያ ልጅ ነው። ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚሆን መኖር አለበት። ክፉኛ የሚያስለው ሰው አክታ ይህንን በቀላሉ ያሟላል። የሉፐስ ቩልጋሪስ ቁስል ግን ጥቂት ባክቴሪያ ብቻ ነው ያለው። ቁስሉን ያን ያህል የሚያሰፋው የሰውነት መከላከያ ራሱ ነው፤ ጥቂቶቹን ለማጥፋት ሠራዊቱን አዝምቶ አካባቢውን ያወድማል። ጉዳቱ ከመንስኤው ብዛት ጋር አይመጣጠንም።

ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ፣ እጅግ ያነሰ ቁጥር ይበቃዋል። ችግሩ ጊዜው ነው። የቲቢ ባክቴሪያ አንዱ ሁለት ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በጠጣር ምግብ ላይ አድጎ በዓይን እስኪታይ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። ከቆዳ የተወሰደ ናሙና ብዙውን ጊዜ ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላም ምንም አያበቅልም።

ፓቶሎጂስቱ ደግሞ ቆዳውን በስሱ ቆርጦ ግራኑሎማ የተባለውን የመከላከያ ሕዋሳት ክምችት ይፈልጋል። መሐሉ እንደ አይብ የሞተ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቲቢ ያዘነብላል። ግን ግራኑሎማ በሥጋ ደዌም፣ በቁንጭርም፣ በፈንገስም ይፈጠራል። ክንድ ላይ የሚወጋው የማንቱ ምርመራም የሚነግረን ሰውየው በሕይወቱ ከባክቴሪያው ጋር መገናኘቱን ነው፤ ጉንጩ ላይ ያለው ቁስል ቲቢ ስለመሆኑ ምንም አይመሰክርም።

በዚህ ክፍተት መሐል ሐኪሞች ለዘመናት የተጠቀሙበት አንድ መንገድ ነበር፦ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ማየት። የቆዳ ቲቢ ከሆነ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ መሻሻል ይጀምራል። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል፤ ወጥመድም አለበት። ከቲቢ መድኃኒቶች ዋናው ሪፋምፒሲን የሥጋ ደዌም መድኃኒት ነው። ቁስሉ ስለዳነ ብቻ ቲቢ ነበር ማለት አይቻልም። ቁስሉ ባይድንስ? ቲቢ አይደለም ወይስ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ነው? ሐኪሙ የሚለይበት ነገር በእጁ የለም።

ፈልጎ ከማግኘት አባዝቶ ማየት

የሞለኪውል ምርመራ ጥያቄውን ቀየረው። ባክቴሪያውን በሙሉ አካሉ ከመፈለግ ይልቅ የዘር መልእክቱን፣ ዲኤንኤውን፣ ፈለገ። በአንድ ቁና ጤፍ ውስጥ የገባችን አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ በዓይን ማግኘት ከባድ ነው፤ ፍሬዋ ራሷ እየተባዛች ጤፉን የምትሸፍንበት ዘዴ ቢኖር ግን ማንም ያያታል። ፒሲአር የተባለው ዘዴ የሚያደርገው ይህንን ነው።

ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣለት አሜሪካዊው ኬሪ ሙሊስ ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ። ሲቀዘቅዝ በላቦራቶሪ የተሠሩ አጫጭር ቁርጥራጮች የሚፈልጉትን ቦታ ብቻ ለይተው ይጣበቃሉ። ከዚያ አንድ ኢንዛይም ከተጣበቁበት ተነስቶ የቀረውን ክር ይሞላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ዙሩ 30 ጊዜ ሲደገም ከአንድ ቅጂ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይገኛል።

ኢንዛይሙ ያንን ሁሉ ሙቀት የሚችለው ከፍል ውሃ ስለመጣ ነው። ቶማስ ብሮክ የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ በአሜሪካ የሎስቶን ፓርክ ፍል ውሃዎች ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አገኘ። ያኔ ለሕክምና ይጠቅማል ብሎ የገመተ አልነበረም። የዚያ ባክቴሪያ ኢንዛይም ወደ ፒሲአር ከመግባቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ኢንዛይም በእጅ መጨመር ነበረበት።

የሚቀረው ከቲቢ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ውስጥ የቱን ቁራጭ እንፈልግ የሚለው ነበር። ተመራማሪዎች የመረጡት አይኤስ 6110 የተባለውን ነው። ይህ ቁራጭ በቲቢ ባክቴሪያ ቤተሰብ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛል፤ በአንዳንዶቹ ከ20 በላይ ይደርሳል። ባክቴሪያው ጥቂት ለሆነበት የቆዳ ናሙና ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አንድ ባክቴሪያ ብቻ ቢኖር እንኳ የሚፈለገው ነገር አሥር ወይም አሥራ አምስት ሊሆን ይችላልና። ይሁንና ይህ ቁራጭ ከነጭራሹ የሌላቸው የቲቢ ዝርያዎችም አሉ።

ዘዴው አንድ የቆየ ክርክርንም አነቃ። ኧርነስት ባዚን የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1861 በሴቶች ባት ላይ የሚወጣ፣ ቁስል እየሆነ የሚመላለስ እብጠት ገልጾ ነበር። ሕመምተኞቹ በማንቱ ምርመራ ክንዳቸው ክፉኛ ያብጣል፤ በቲቢ መድኃኒትም ይሻላቸዋል። ከእብጠቱ ግን በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ አይታይም፣ በካልቸርም አያድግም። ቲቢ ነው፣ አይደለም የሚለው ሙግት ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች የእነዚህን እብጠቶች ናሙና በፒሲአር ሲመረምሩ ከከፊሎቹ የቲቢ ዲኤንኤ አገኙ። በሌሎቹ አልተገኘም። ዛሬ ይህ የባት እብጠት ቲቢ ከሚያስነሳው የመከላከያ ምላሽ አንዱ እንደሆነ፣ ሌሎች መንስኤዎችም እንዳሉት ይታመናል።

ካርትሪጁ ውስጥ የሚሆነው

ለረጅም ጊዜ ፒሲአር የትልልቅ ላቦራቶሪዎች ሥራ ነበር። የተለያዩ ክፍሎች፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንዲት ጠብታ ካለፈው ናሙና ወደ አዲሱ ብትዘል የሌለ በሽታ ታሳያለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 የደገፈው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ይህንን ሁሉ ዝግ በሆነች አንዲት የፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ ከተተው። ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችና በብዙ ጤና ጣቢያዎች ስሙ የተለመደ ነው።

የቆዳ ናሙና ግን እንደ አክታ ቀጥታ አይገባም። ባለሙያው መጀመሪያ ቁራጯን ይከትፋታል፣ ከዚያ በፈሳሽ አርሶ በሙቀጫ ወይም በመፍጫ ያደቅቃታል። ባክቴሪያው በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ መሣሪያው አያገኘውም። የደቀቀው ናሙና ባክቴሪያውን ከሚገድል ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ይቆይና ወደ ካርትሪጁ ይጨመራል። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የሰው እጅ አይነካውም። መሣሪያው ናሙናውን ያጥባል፣ የባክቴሪያውን ጠንካራ ግድግዳ በድምፅ ሞገድ ይሰብራል፣ ዲኤንኤውን ያወጣል፣ ያባዛል። በካርትሪጁ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ጉዳት የሌለው ሌላ ባክቴሪያም አለ፤ የቲቢው ምልክትም ሆነ የእርሱ ምልክት ካልታየ ማሽኑ «የለም» ከማለት ይልቅ ምርመራው እንዳልተሳካ ይናገራል። ውጤቱ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል።

አብሮ የሚመጣ ሌላ ዜናም አለ። መሣሪያው የሚያየው አር-ፒ-ኦ-ቢ የተባለውን ጂን ነው። በዚህ ጂን ላይ የሚፈጠር ለውጥ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን መላመዱን ስለሚያሳይ፣ ቲቢ መሆኑና መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በአንድ ጊዜ ይታወቃል። በካልቸር ይህ ወራት ይፈጅ ነበር።

የመጀመሪያው ካርትሪጅ በአንድ ሚሊ ሊትር 130 ገደማ ባክቴሪያ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ኤክስፐርት አልትራ የተባለው ካርትሪጅ 16 ገደማ ይበቃዋል፤ ከጂኑ በተጨማሪ አይኤስ 6110ንና ሌላ ተደጋጋሚ ቁራጭ ስለሚፈልግ ነው። ለቆዳ የሚጠቅመው ይህኛው ነው። አልትራ «ትሬስ» የሚል መልስም አለው፤ በጣም ጥቂት ዲኤንኤ ተገኝቷል፣ የመድኃኒት መላመዱን ለማወቅ ግን አይበቃም ማለት ነው።

ሁለት ብልቃጥ

ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ አንዲት ነርስ በምታነሳው ብልቃጥ ሊከሽፍ ይችላል።

ሐኪሙ ቁስሉን አደንዝዞ፣ በ4 ሚሊ ሜትር መብሻ፣ ከሞተው መሐል ሳይሆን በሽታው ከሚንቀሳቀስበት ጠርዝ ቆዳ ይቆርጣል። የቆዳ ናሙና በልማድ የሚገባው ፎርማሊን ውስጥ ነው፤ ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገው እርሱን ነውና። ፎርማሊን ግን ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ከዚያ ካልቸር የለም። ዲኤንኤውንም ይቆራርጠዋል። ፒሲአር በፎርማሊን ከቆየ ናሙና ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ነገር ግን የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚወሰደው ሁለት ቁራጭ ነው፦ አንዱ ፎርማሊን ውስጥ፣ ሌላው ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ። የሳላይኑ ቁራጭ ሳይውል ሳያድር ላቦራቶሪ መድረስ አለበት።

ከአንገት ዕጢ ፈንድቶ የወጣ ቁስል ከሆነ ደግሞ ቆዳውን ከመቁረጥ ይልቅ ከሥሩ ካለው ዕጢ በመርፌ የሚቀዳው መግል የተሻለ ነው። ባክቴሪያው የሚበዛው እዚያ ነው። የቁስሉን ገጽ በጥጥ ጠርጎ መላክ ግን ብዙም አይጠቅም፤ ጥጡ የሚያነሳው የቆዳ ላይ ቆሻሻና ሌሎች ባክቴሪያዎችን ነው።

መልሱን ማንበብ

አዎንታዊ ውጤት ከባድ ማስረጃ ነው። በተገቢው መንገድ ከተሠራ፣ መልኩም ከተጣጣመ፣ ሐኪሙ ሕክምና ለመጀመር ብዙ አያመነታም። ሆኖም ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሕመምተኛው ቀድሞ ቲቢ ታክሞ ያውቃል? ፒሲአር የሞተውን ከሕያው አይለይም፤ የዳነ ሰው ላይ የቀረ ዲኤንኤ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህም ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ለመከታተል አይውልም። ሁለተኛው፣ ቁስሉ የቢሲጂ ክትባት ከተወጋበት ቦታ የተነሳ ነው? መሣሪያው የሰውን ቲቢ፣ የከብቱን ቲቢና የቢሲጂን ባክቴሪያ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ሦስተኛው ከዚሁ ይያያዛል። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አገር ከከብት የመጣ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ የከብቱ ባክቴሪያ ደግሞ ከአራቱ የመጀመሪያ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናሚድን፣ በተፈጥሮው ይቋቋማል። እነዚህን ለመለየት የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ሌሎች ክፍሎች የሚያይ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

አስቸጋሪው አሉታዊው ውጤት ነው። ባክቴሪያ በሚበዛባቸው ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ከዕጢ ፈንድቶ በሚወጣው፣ ፒሲአር አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል። በሉፐስ ቩልጋሪስና በኪንታሮት መሳዩ ግን ብዙ ያመልጠዋል፤ የጥናቶቹ ውጤትም እርስ በርሱ በጣም ይራራቃል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ውስጥ አንድም ባክቴሪያ ካልገባ፣ ምንም ያህል ቢባዛ ዜሮ ዜሮ ነው። በዕጢ ናሙና ላይ የተሠራው ጥናት ብዙ ሲሆን በቆዳ ላይ የተሠራው ጥቂት መሆኑም ሐኪሙን በቁጥር እንዳይተማመን ያደርገዋል። «ኤክስፐርቱ ነጻ ብሏል» ብሎ ፋይል መዝጋት በቆዳ ቲቢ ላይ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ማስረጃዎቹን ይደምራል፦ የቁስሉን መልክና ዕድሜ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩን፣ የደረት ራጅን፣ የፓቶሎጂስቱን ቃል፣ የኤች አይ ቪ ምርመራውን፣ የኤክስፐርቱን ውጤት፣ የካልቸሩን መልስ። የቁንጭርና የሥጋ ደዌ ምርመራም ጎን ለጎን ይላካል። ከአንድ ቁራጭ ቆዳ የሦስቱንም ዲኤንኤ መፈለግ በቴክኒክ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁራጭ አለ። አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ አካባቢ ያለው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ቁንጭርም፣ ሥጋ ደዌም፣ የቆዳ ቲቢም የሚታይበት ሆስፒታል ነው። በዚያው ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሲሆን፣ ቲቢን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል።

የሞለኪውል ምርመራ ለቆዳ ቲቢ ያመጣው ትልቁ ጥቅም ፍጥነትና የመድኃኒት መላመድን ቀድሞ ማወቅ ነው። ከሐኪሙ ዓይንና ከፓቶሎጂስቱ ማይክሮስኮፕ ጋር አብሮ ሲሠራ ያተርፋል፤ ብቻውን ዳኛ ሲደረግ ያሳስታል።

ሳምንታት አልፈውት ያልዳነ ቁስል፣ ወይም አንገትና ብብት ሥር ቀስ እያለ ያበጠ ዕጢ ያለው አንባቢ ቅባት እየቀያየረ ወይም ጠበል ብቻ እየተጠመቀ ወራት ከማሳለፍ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ጠበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ። ናሙና ሲወሰድ አንዱ ለፓቶሎጂ፣ አንዱ ለኤክስፐርትና ለካልቸር መሆኑን ለመጠየቅ አያፍር። ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው ካለም ይዞት ይሂድ። የተለመደው የቆዳ ቲቢ ሕክምና እንደ ሳንባው ስድስት ወር ሲሆን፣ መድኃኒቱ በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።